ስልኩ ላይ የለጠፍኩት ቃል

ባለፈው ወር እናቴን ኔቬ ዮሴፍ ከሚባለው ሰፈር ቤቷ አውጥተን እኔ ወዳለሁበት ከተማ ወደ ክርያት አታ አዛወርናት። ጉልበቷ አራተኛ ፎቅ መውጣት እንቢ ካላት ቆይቷል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ብቻዋን ነበረች። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረችበትን ቤት በሁለት ቀን ጠቅልዬ የማወጣ መስሎኝ ነበር፤ የእናቴን ቁምሳጥን የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያስበው። ክዳኑ የጠፋ ድስት፣ ድስቱ የጠፋ ክዳን፣ የወንድሜ የመጀመሪያ ጫማ፣ የሁላችንም የክትባት ካርድ፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ፎቶ። አንዱን እንኳ ልጥል ብል "ተይው፣ ይጠቅማል" ትላለች።

ከቁምሳጥኑ ሥር፣ በአሮጌ ሻሽ ተጠቅልሎ፣ የድሮውን የቤት ስልካችንን አገኘሁት። ነጭ ነበር፤ አሁን ቅቤ መስሏል። ጥምዝምዝ ገመዱ እንዳለ ነው። እጀታው ላይ ዳር ዳሩ የተላጠ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ላይ የብርጭቆ ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ በታች በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ቃል ብቻ፦ ፍራጃይል። እኔ ዛሬ ወደቡ አጠገብ፣ ዕቃ ለሚያስመጡ ሰዎች ወረቀት በሚያስጨርስ ቢሮ ነው የምሠራው። ይህን ቃል በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደማየው አላውቅም፤ ዓይኔ ያልፈዋል። የዚያን ቀን ግን አላለፈውም። ከነሻሹ ታቅፌው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል። ቤት ውስጥ ስሜ ማሪቱ፣ ትምህርት ቤት ዴቮራ ነበር። ዴቮራ በዕብራይስጥ ንብ ማለት ነው። አባቴ "ማሩን ወስደው ንቧን ሰጡን" እያለ ይስቅ ነበር። ሰፈራችን ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከበረንዳችን ባሕረ ሰላጤው ከነክሬኖቹ፣ ከነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫ ጋር ይታያል። ነፋሱ ከታች የነፈሰ ቀን የባሕርና የነዳጅ ሽታ ተቀላቅሎ ይመጣና የተሰጣው ልብስ ሁሉ እሱን እሱን ይላል። እኛ ልጆቹ ደረጃው ላይ በሚሽሚሽ፣ ኮክ በሚመስለው ፍሬ፣ ዘር እንጫወታለን፤ አስፋልቱ ላይ በኖራ እየሠመርን ሰኞ ማክሰኞ እንዘላለን። ሰኞ ማክሰኞን የሰፈሩ ልጆች ክላስ ይሉታል፤ ስሙ ይለያይ እንጂ ጠቡ አንድ ነው፣ መስመር ረገጥሽ አልረገጥኩም።

እንግሊዝኛ የምታስተምረን ሞራ ላሪሳ ትባል ነበር። ሞራ ማለት አስተማሪት ነው። ከሩሲያ ከመጣች ጥቂት ዓመቷ ስለነበረ ዕብራይስጧ ከወላጆቻችን ዕብራይስጥ ብዙም አይሻልም፤ ለዚህም ይመስለኛል እኛን ትወደን የነበረው። አንድ እሑድ ዕለት፣ እዚህ አገር የሳምንቱ ትምህርት የሚጀምረው እሑድ ነው፣ የቤት ሥራ ሰጠችን። እያንዳንዳችን አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል፣ ማለት ነገሩ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚናገር ቃል፣ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታችን ወይም ከመንገድ ይዘን እንድንመጣ። ትርጉሙን፣ ማን በየቀኑ እንደሚጠቀምበት፣ ከተቻለም ከየት እንደመጣ። ልጆቹ ወዲያው ሸሚዛቸው ላይ፣ የማስቲካቸው ወረቀት ላይ ቃል ማንበብ ጀመሩ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እኛ ቤት አማርኛ አለ፣ ዕብራይስጥ እየተንገዳገደ ይገባል፤ እንግሊዝኛ ግን ደርሶ አያውቅም።

በዚያ ሰሞን እናቴ አራስ ነበረች። ወንድሜን ኦፊርን ከወለደች ሃያ አምስተኛ ቀኗ ነው። አገር ቤት ቢሆን አራስ ለብቻዋ ጎጆ ይሠራላታል፤ ወንድ የወለደች አርባ ቀን እዚያ ትቆያለች፣ ባሏም አይገባም። ኔቬ ዮሴፍ አራተኛ ፎቅ ላይ ጎጆ የት ይሠራል? የእኔ ትንሽ ክፍል ጎጆ ሆነች። የቤቶች ድርጅት ሰዎች ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ፣ እኛ ቤት ግን ሕጉ ሕግ ነበር። አባቴ ከሥራ ሲመጣ ኮሪደሩ ላይ በርጩማ ስቦ ይቀመጥና ከክፍሏ በር ውጭ ሆኖ ያወራታል። ደፏን አይረግጣትም። ስለዚህ አጥሚቱን አስገቢ፣ ሰሃኑን አውጪ፣ ጨርቁን አጣቢ እኔ ነበርኩ። ያቺ ክፍል ወተት፣ አብሽና ያልደረቀ ጨርቅ ትሸት ነበር። ዛሬም አብሽ ሲሸተኝ ሌላ ነገር ሳይሆን ያ በር ነው ትዝ የሚለኝ።

የቤት ሥራዬን ለአባቴ ነገርኩት። ወደቡ አጠገብ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ከኮንቴይነር ዕቃ ያወርድ ነበር። ዕብራይስጥም እንግሊዝኛም አያነብም፤ ግን ምልክት የሚባል ነገር አያልፈውም። በማግስቱ ሲመጣ ከደረት ኪሱ እጥፍጥፍ ያለ ወረቀት አወጣ። ሦስት ቀያይ ተለጣፊዎች ናቸው፣ ብርጭቆ የተሣለባቸው፤ አለቃውን ለምኖ ነው። እንደ ወትሮው በርጩማው ላይ ተቀመጠና፣ በሩ ክፍት ስለነበር እናቴም ውስጥ ሆና እየሰማች፣ አስረዳኝ።

"ይህ ለሚሰበር ነገር ነው የሚለጠፍ፤ የተለጠፈበት ሳጥን አይወረወርም፤ ሌላ ዕቃም አይጫንበትም። አንድ ሰው ብቻውን አያነሳውም፣ ከሁለት ነው የሚያዝ። አንዱ 'ያዝክ?' ይላል፤ ሌላው 'ያዝኩ' ሳይል ከመሬት አይነሳም። ሲወርድም 'ልልቀቅ?' ይባላል። 'ልቀቅ' ካልተባለ አይለቀቅም። አንዱ ሳይናገር የለቀቀ እንደሆነ ዕቃው ብቻ አይደለም የሚሰበር፣ የጓደኛውም እግር ነው።"

"እሱስ ላንተ ወገብ ቢለጠፍ ነበር የሚሻል" አለች እናቴ ከውስጥ። አባቴ ሳቀ፤ ወገቡን ሌሊት ሌሊት እንደሚያመው እንደምታውቅ አላወቀም ነበር።

ያን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። የዕብራይስጡን ደግሞ አባቴ ከአለቃው ሰምቶ ነገረኝ፤ እነሱ ሻቪር ይሉታል፣ ከሻባር፣ ከእኛው "ሰበረ" ጋር እኅትማማች ናቸው። የመሰበር ነገር በሁለት ቋንቋ አንድ ዓይነት መሆኑ አስደስቶኝ ነበር፤ ልጅ በማይሆን ነገር ይደሰታል።

አሁን ስለ እቴ ወርቄ መናገር አለብኝ። የእናቴ ታላቅ እኅት ነበረች። አያቴ ልጆቿን ሳያድጉ ትታቸው ስለሞተች፣ እናቴን አዝላ ያሳደገቻት እቴ ወርቄ ነች። እኛ ወደዚህ አገር ስንመጣ እሷ ጎንደር ቀረች፣ "ተራሽ ሲደርስ" እየተባለች። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ቴሌ ሄዳ ትደውላለች። እናቴ ገና ሰዓቱ ሳይደርስ ስልኩ ሥር ትቀመጣለች። ሁለቱም ከአራት ደቂቃው ሦስቱን "ደህና ነሽ? አንቺስ ደህና ነሽ?" ሲባባሉ ይጨርሱታል። መጨረሻ ላይ እኔ እቀርባለሁ። "ማርዬ፣ ስመጣ ሹሩባ እሠራሻለሁ፤ ፀጉርሽን እንዳትቆረጪ" ትለኛለች። አልቆረጥኩም። ወገቤ ድረስ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ከትምህርት ቤት እንደገባሁ ስልኩ ጮኸ። የወንድ ድምፅ ነው፣ ከጎንደር። አባቴን ጠየቀ፣ የለም አልኩት። "እናትሽ ከአራስነት ተነሣች?" አለኝ። ገና ናት አልኩት። ከዚያ ቁጥር አስጻፈኝና ለአባቴ ብቻ እንድነግር አደራ አለኝ። አባቴ ሲመጣ ወረቀቱን ሰጠሁት። የቤቱን ስልክ አልነካም። "ነይ እስቲ" ብሎ እጄን ይዞ አወረደኝና ሱቁ አጠገብ ካለው የመንገድ ስልክ ሄድን። ካርዱን አስገብቼ ቁጥሩን የምደውልለት እኔ ነኝና ከጎኑ ቆሜ ነበር። "መቼ?" አለ። ቀጥሎ "አራስ ናት፤ ማንም ወደ ቤት እንዳይደውል፣ አደራችሁን" አለ። ከዚያ ግንባሩን ስልኩ ላይ አስደግፎ ቆመ። ማን እንደሆነ ያወቅሁት "ወርቄ፣ ወርቄ" ሲል ነው።

ስንመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ። የደረጃው መብራት ጠፋ፣ አበራሁት፣ እንደገና ጠፋ። እንዳላለቅስ ከንፈሬን ነክሼ ነበር።

"ሰማሽ አይደል?" አለኝ።

ሰማሁ አልኩት።

"መርዶ ለአራስ አይነገርም። ድንጋጤ ወተት ያደርቃል፣ ሕፃኑ ይጎዳል። አርባዋ እስኪሞላ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷታል። እኔ በሩን አላልፍ፤ የምትገቢ የምትወጪ አንቺ ነሽ።" ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። እኛ ሃምሳ አይደለን፣ ሁለት ነን። ግን ይበቃል። ያዝሽ?"

"ያዝኩ።"

"ሳልልሽ እንዳትለቂ።"

የዚያን ቀን ያላለቀስኩትን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ አለቀስኩት፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አንደኛው ፎቅ ላይ፣ ቆጣሪዎቹ ያሉበት ጥግ ገብቼ። ከዚያ ፊቴን በእጀታዬ ጠርጌ እወጣለሁ። አጥሚቱን ስሰጣት ዓይን ዓይኗን እንዳላይ ሕፃኑን አያለሁ። እናቴ ግን የልጇን ፊት የምትስት ሴት አይደለችም። "ምን ሆነሻል? ማን ነካሽ?" ትለኛለች። የእንግሊዝኛ ቤት ሥራ ከብዶኝ ነው አልኳት። በሕይወቴ ለእናቴ የዋሸኋት የመጀመሪያው ትልቅ ውሸት ነበር። እሷም ያን ሰሞን ምግብ እንቢ ብላ ነበር። አጥሚቱን ግማሽ ድረስ ጠጥታ ታስቀምጠዋለች፣ ወተቷም ከአሁኑ እያነሰ ነው፣ ኦፊር ይነጫነጫል። ጎረቤት ሴቶች ምግብ ይዘው ሲመጡ አባቴ በር ላይ ይቀበላቸውና በለሆሳስ ያስጠነቅቃቸዋል። ወሬው ሰፈሩን ሁሉ አዳርሶ ነበር፤ ከእሷ በቀር ያልሰማ የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው።

እሑድ ደረሰ። ተራዬ ሲደርስ ቀዩን ወረቀት ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ከእኔ በፊት አዲስ፣ ጣፋጭ፣ ፈጣን የሚሉ ቃላት አልፈዋል። የአባቴን ሕግ ዘረዘርኩ፦ አይወረወርም፣ አይጫንበትም፣ ከሁለት ነው የሚያዝ። ሞራ ላሪሳ በጥሞና ሰማችና በቃሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሪበት አለችኝ። "ብርጭቆው ፍራጃይል ነው" ልል ነበር፣ ተዘጋጅቼበታለሁ። ከአፌ የወጣው ግን "እናቴ ፍራጃይል ናት" ነው።

ክፍሉ ሳቀ። አንዱማ "ሣጥን ውስጥ ናት እንዴ?" አለ። ሞራ ላሪሳ አልሳቀችም። ከቦርሳዋ ጥራዙ የተላቀቀ ወፍራም መዝገበ ቃላት አወጣችና አንገቷን ደፍታ ፈለገች። ከዚያ በዚያ በተንጋደደ ዕብራይስጧ ነገረችን። ቃሉ ከላቲን ነው የመጣው፣ "መስበር" ከሚል ግሥ። ሐኪሞች አጥንት ሲሰበር የሚሉትም፣ ስብርባሪ ለሚባለውም እንግሊዞች ያላቸው ቃል ከዚያው አንድ አባት የተወለደ ነው። "ነገር ግን" አለች፣ መነጽሯን አውልቃ፣ "እንግሊዞች ይህን ቃል መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ብርጭቆ አይደለም። ስለ ሰው ነው። ሰው ደካማ ነው፣ ይሳሳታል፣ ይወድቃል ለማለት። ብርጭቆ የመጣ ኋላ ነው። ዴቮራ አልተሳሳተችም።" ደወሉ ሲደወል ትከሻዬን ነካ አድርጋ አለፈች። ምን ሆነሻል አላለችኝም፤ ለዚያ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ቀኑ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነበር። ቤት ስደርስ እናቴ ስልኩን ከነገመዱ አስስባ በሯ ላይ በርጩማው ላይ አስቀምጣዋለች፤ የእቴ ወርቄ ሰዓት ሊደርስ ነው። ባይጮህስ ምን ትላለች? ቢጮህስ፣ አንድ የማያውቅ ሰው "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ቢላትስ? አባቴ ሥራ ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ለዚህ አይበቃም፣ ግን ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከቦርሳዬ ቀዩን ወረቀት አወጣሁ። ልጣጩን ላጥኩና የስልኩ እጀታ ላይ፣ ልክ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ አጥብቄ ለጠፍኩት። ምን እንደሚያደርግልኝ አላውቅም፤ ሳጥን ላይ ሲያዩት ሰዎች ቀስ የሚሉ ከሆነ፣ ስልክ ላይም ሲያዩት ቀስ ይበሉ ብዬ ይሆናል።

እናቴ ሕፃኑን እያጠባች ታየኝ ነበር። "ምንድን ነው እሱ?" አለችኝ።

የትምህርት ቤት ሥራ ነው አልኳት።

እጇን ዘርግታ ብርጭቆውን በጣቷ ዳሰሰችው። "ጥሩ አድርገሽ ለጥፈሽዋል" አለችና ወደ ውስጥ ተመለሰች። ሰዓቱ ደረሰ፣ አለፈ፣ ስልኩ አልጮኸም። አባቴ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ፤ ጎንደር ዝናብ ስለሆነ መስመር ተበጥሷል የምትል ወሬ ከመንገድ አዘጋጅቶ መጥቷል። ግን አልጠየቀችውም። ዝግጅቱ ሳይነካ ቀረ። ከዚያች ማታ ጀምሮ አጥሚቱን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ትጠጣ ጀመር፤ ሰሃኑ ባዶውን ይመለሳል፣ "ጨምሪልኝ" ትላለች። ወተቷ ሞላ። አባቴ ባዶውን ሰሃን እያየ "ተመስገን፣ ልቧ አልጠረጠረም" ይለኛል። ሁለታችን ወጥ ቤት ውስጥ እንደ ሌባ እንጠቃቀሳለን። ከዚያ በኋላ አርባው ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጥቁር ቀሚሷን እንዳጥብላት ሰጠችኝ። አጥቤ በረንዳ ላይ አሰጣሁት። ምንም አልመሰለኝም።

አርባ አንደኛው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ከፊት አባ ጌጡ ናቸው፣ የአባቴ አጎት፣ ነጭ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ አንድም ድምፅ ሳያሰሙ ገቡ። እናቴን ሳሎን አስቀመጧት፣ ፊቷን አስታጠቧት፣ እህል አቀመሷት። ለብሳ የነበረው ጥቁሩን ቀሚስ ነበር። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኟን ያዟት። ከዚያ አባ ጌጡ ቀስ ብለው፣ ከሩቅ ጀምረው፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ፈጣሪ ሥራ፣ አዝለው ስላሳደጉ እኅቶች እየተናገሩ፣ ነገሩን እንደ ከባድ ዕቃ አወረዱት። እናቴ "እታለም" ብላ ጮኸች። እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ ኦፊርን ታቅፌ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ነበር። አባቴ መጣና ሕፃኑን ተቀበለኝ።

"በቃ፣ ልቀቂ" አለኝ።

ለቀቅኩት። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። እናቴ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እጇን ዘርግታ ጠራችኝና ያን ሁሉ ቁመቴን ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ፀጉሬን እየፈታች፣ እየጎነጎነች አብረን አለቀስን። የመጀመሪያዬን ሹሩባ የሠራችልኝ እናቴ ናት፣ በሐዘን ቤት። ኦፊር ሰባቱን የሐዘን ቀን ሁሉ ጠብቶ ተኝቶ፣ ጉንጩ ሞልቶ ወጣ።

ዛሬ ኦፊር ፂም ያለው፣ የልጅ አባት የሆነ ሰው ነው። ቃሉንም ሁሉም ሰው ይለዋል። ቢሮ ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ስለ ስልካቸው ስክሪን፣ ስለ ደንበኛ ጠባይ ፍራጃይል ይላሉ። ተለጣፊውን ኮምፒውተሩ ራሱ ያትመዋል፤ ሣጥኑን የሚያነሳው ፎርክሊፍት "ያዝክ?" አይልም። መርዶም እንደዚያው ሆነ። የአጎቴን ልጅ ሞት አውቶቡስ ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት፤ በቡድን መልእክት፣ ፎቶው ከነሻማው ተለጥፎ፣ ከሥሩ የሚያለቅሱ ትንንሽ ፊቶች ተደርድረው። አባቴ ያረፈ ዕለትም ሥራ ላይ ነበርኩ። አንዲት ሴት ከሆስፒታል ደውላ፣ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችኝና ወረቀቶቹን መቼ መጥቼ እንደምፈርም ጠየቀችኝ። ቤሰደር አልኳት። ቤሰደር፣ እሺ፣ ጥሩ። ማንም ያዝሽ አላለኝም ነበር። በዚያ ሁሉ ሐዘኔ ግን አንድ ኩራት ነበረኝ፤ እኔና አባቴ አንድ ጊዜ፣ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ፣ እናቴን ሳንሰብር ተሸክመናታል እል ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ወር፣ ያ ስልክ እቅፌ ላይ እንዳለ፣ እናቴ ምርኩዟን ይዛ ከወጥ ቤት መጣች። አየችኝ፣ ስልኩንም አየችው። ለምን አስቀመጥሽው፣ ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው አልኳት።

"እሱ ነው የነገረኝ" አለች፣ አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠች።

ምኑን አልኳት።

"የወርቄን ነዋ። አባትሽ ያንን ወረቀት ሲያስረዳሽ እኔ ውስጥ ሆኜ እሰማ የለም? ለሚሰበር ነገር ነው የሚለጠፍ አለ። ስልኩ ደግሞ አይሰበርም፤ ስንት ጊዜ ከእጅሽ ወድቋል። ታዲያ የሚሰበረው ምንድን ነው አልኩ። ወርቄ የምትደውልበት ቀን፣ አንቺ ፊትሽ እንዲያ ሆኖ፣ አባትሽ ድምፁ እንዲያ ሆኖ። የምሰበረው እኔ ነኛ። የሚሰብረኝም በዚህ ስልክ የሚመጣ ነው። ሌላ ምን አለ?"

ከዚያ እሑድ እስከ አርባዋ ስምንት ቀን። ያንን ሁሉ አጥሚት፣ ያንን ባዶ ሰሃን፣ ጥቁሩን ቀሚስ አንድ በአንድ አስታወስኳቸው። ሁሉንም ሳየው ኖሬያለሁ፣ አንዱንም አላየሁትም። እኔው በእጄ፣ በጥንቃቄ ብዛት፣ መርዶውን እጀታው ላይ ለጥፌላት ነበር።

ለምን አልነገርሽንም፣ እንዴት ቻልሽው አልኳት።

"ሕፃኑ ሲያለቅስ አብሬው አለቅሳለሁ። ማን ይለየዋል?" ከሻሹ ላይ አቧራ አራገፈች። "አባትሽ የወተቱን ነገር ብሎ ነው፣ እኔም ለወተቱ ብዬ በላሁ። አንቺ ደግሞ ተሸክመሽ ትገቢያለሽ፣ ተሸክመሽ ትወጫለሽ። አውቄያለሁ ብልሽ ከእጅሽ ይወድቅ ነበር፤ የሰበርኩት እኔ ነኝ ብለሽ ዕድሜሽን ሙሉ ታስቢው ነበር። ከሁለት የተያዘ ዕቃ አንዱ ሳይናገር አይለቅም አይደል ያለሽ? አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ልጄ። አባትሽ ከበር ውጭ ነበር።"

ሞራ ላሪሳ ቃሉ መጀመሪያ የሰው ነበር ያለችው ልክ ነበረች፤ ያልነገረችን ነገር ቢኖር የሚሰበር ሰው ሌላውን መሸከም እንደሚችል ነው። ምናልባት መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አልነበረም። እግሯ ሥር ተጠግቼ ራሴን ጉልበቷ ላይ አስደገፍኩ፤ የሚያማት ጉልበት መሆኑን ረስቼ። እሷም አልነገረችኝም።

ሲመሽ ስልኩን በሻሹ መልሼ ጠቀለልኩና ከፎቶዎቹ ጋር አንድ ትንሽ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩት። ካርቶኑ አይከብድም፣ በአንድ እጅ ይነሳል። እናቴ ግን ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጎንበስ አለች፤ ተይ ብላትም አልሰማችም። አንዱን ጫፍ ያዘች።

"ያዝሽ?" አለችኝ።

"ያዝኩ።"

አነሳነው። በዚያ ባዶ ኮሪደር፣ የድሮው በርጩማ በነበረበት በኩል፣ እሷ እየቀደመች እኔ እየተከተልኩ፣ እርምጃዬን በእርምጃዋ ልክ አድርጌ እስከ በሩ ሄድን። በሩ ጋ ስንደርስ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ካርቶኑን ወለሉ ላይ ልናሳርፈው ስናጎነብስ ቀና ብላ አየችኝ።

"ልልቀቅ?" አለች።

"ገና ነው እማዬ" አልኳት።